ማር የተበላበት ጥሪ

ዛሬ ጆሮዬን ልመረመር ሄጄ፣ ጆሮዎቼን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። መንግሥት የሰጠኝ ባቄላ የሚያካክሉ ሁለት የመስሚያ መሣሪያዎች አሉኝ። ባትሪያቸው ቶሎ እንዳያልቅ ብዬ፣ የሚያናግረኝ ሰው ከሌለ አውልቄ ኮት ኪሴ ውስጥ አኖራቸዋለሁ። ባትሪውን በነፃ ነው የሚሰጡኝ፤ ግን እኔ ኩራዝ በሚቆጠብበት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ስስት ደግሞ ድንበር ተሻግሮ አብሮ ይመጣል። ኦስሎ ውስጥ ከምኖርበት ከቫይትቬት በባቡር አራት ፌርማታ ተጉዤ ኦከርን ወረድኩ፣ ሐኪም ቤቱ ገባሁ፣ መምጣቴን ተናገርኩና መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር መርጬ ለበሩ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ኦከርን መቼም አንድ ቀን ሲፈርስ፣ አንድ ቀን ሲሠራ የሚኖር ሰፈር ነው፤ ክሬኖቹን ሳይ ጊዜው አይታወቀኝም። አንዱ ገብቶ ወጣ፣ ሌላዋ ገብታ ወጣች፣ ከእኔ በኋላ የመጣ ጎረምሳ ሳይቀር ታይቶ ሄደ። እኔ አንገቴን እንደ ሹም አቅንቼ፣ አንድ ሰው መጥቶ በክብር እስኪጠራኝ እጠብቃለሁ።

አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ ደሜ ፈልቶ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። እዚያ የምትሠራው የሐበሻ ልጅ ናት፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች፤ ደረቷ ላይ የተለጠፈው ስም ሜሮን ይላል። ፊት ለፊት ሲያናግሩኝ ከንፈር እያየሁ ግማሹን እሰማለሁ፤ ግማሹን ደግሞ እፈጥረዋለሁ።

«ቀጠሮዬ አለፈ እኮ፣ ልጄ» አልኳት።

«ኔይ፣ የለም አባባ! ሦስት ጊዜ ጠርቼሃለሁ። እዚያ በሩ ላይ ቆሜ።» አንተ ነው የምትለኝ። እዚህ ያደጉ ልጆች እርስዎ የምትባለዋን ቃል ስለማያውቋት መቀየሙን ከተውኩት ቆየሁ።

«እንዴት ብለሽ ነው የጠራሽኝ?»

«እንዲህ ብዬ ነዋ» አለችና ስሜን በከንፈሯ ጫፍ አወጣችው፤ የተኛ ሕፃን እንዳትቀሰቅስ የፈራች ይመስል ነበር።

«ይሄ መጥራት ነው?! እኔ በጊዜዬ ስጠራ ገደል ማዶ ያለ ሰው አቤት ይል ነበር!»

ድምፄ አሁንም አለ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንዲት ኖርዌጂያዊት አሮጊት መጽሔታቸው ከእጃቸው ወደቀ። ሜሮን ሁለት እጇን ዘርግታ እንደ ፈረስ አበረደችኝ። «አባባ፣ እዚህ ሰው አይጮህም።»

«ታዲያ አልሰማሁማ! ምን ላድርግ?»

«ያ፣ ያ፣ እሺ። አልሰማህም እንግዲህ። ተቀመጥ፣ በመጨረሻ እንድታይህ ዶክተሯን ልለምናት።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። እጄን ኪሴ ውስጥ አስገብቼ ሁለቱን ባቄላዎች ጨበጥኳቸው። «አልሰማህም እንግዲህ።» ምስክር አልጠየቀችም፣ መሐላ አልጠየቀችም፤ አልሰማሁም አልኩ፣ አመነችኝ። እኔ ደግሞ እውነቱን ጨብጬ ዝም አልኩ። ፊቴ ጋለ። እንዲህ ሆኖ የሚግል ፊት እኔ ላይ አዲስ አይደለም፤ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ጠዋት፣ አንድ ችሎት ፊት ቆሜ፣ ልክ እንዲሁ ግሏል።

የዚያችን አውራጃ ስም አልጽፈውም። ስም በመጥራት ላይ ያለኝን ታሪክ ስትጨርሱ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። ተራራማ ናት፤ እግዜር ምድርን ሲያጥፍ እዚያ ሲደርስ ደክሞት ጨምድዶ የተዋት ይመስለኝ ነበር። ከላይ ውርጭ የሚያርሰው ደጋ፣ ከታች ማር የሚቆረጥበት ቆላ፣ መሐል ላይ ጉሙ እስከ ረፋድ የማይነሳ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ወንዝ። ለመውረድ ግማሽ ቀን፣ ለመውጣት ሙሉ ቀን። እዚህ አገር ሰዎች ስለ ተራራቸው ሲያወሩኝ «ያ፣ ያ» እያልኩ አንገቴን እነቀንቃለሁ፤ ተራራው ላይ ሊዝናኑ ነው የሚወጡት። እኛ ዘንድ ተራራ የሚወጣው ክስ ያለበት ሰው ነው። ከተማዋ ተራራው ጀርባ ላይ ተሰድራለች፤ አንድ መንገድ፣ ጭቃ ሲሆን ደግሞ አንድም መንገድ የላትም። መንግሥት የሚባለው ነገር በሙሉ በአንድ ግቢ ተሰብስቦ ነበር፦ አስተዳዳሪው፣ ፖሊሱ፣ ግምጃ ቤቱ፣ ባንዲራው፣ እና ከሁሉም ከፍ ብሎ፣ ዘጠኝ የድንጋይ ደረጃ ያለው ፍርድ ቤት። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለነበር በረዶ ሲጥል ዳኛው ብዕራቸውን አስቀምጠው እስኪያባራ ይጠብቃሉ፤ ከሳሽና ተከሳሽም አብረው ጣሪያውን እያዩ «ዘንድሮስ ሰብሉን ጨረሰው» ይባባላሉ። አንዳንዱ በረዶው ሲያባራ ታርቆ ይሄድ ነበር።

እኔ የዚያ ፍርድ ቤት ተላላኪ ነበርኩ። ሥራዬ መዝገብ ማመላለስ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ የዳኛውን ወንበር መወልወል፤ ከሁሉ በላይ ግን ባለጉዳይ መጥራት። ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ቆሜ፣ የሰውየውን ስም እስከ አባቱ ሦስት ጊዜ እጮሃለሁ። በሦስተኛው አቤት ያላለ ሰው እንዳልመጣ ይቆጠራል፤ ነገሩ በሌለበት ይታያል። ሕጉ ይኸው ነበር። ድምፄ ደግሞ የጉድ ነው። ገደል ማዶ አዝመራ የሚጠብቁ ሰዎች «ዛሬ እነ እገሌ ተጠሩ» ብለው ያወራሉ ይባል ስለነበር ቅጽል ስሜ ነጋሪት ነበር። ሴቶች ውኃ ሲቀዱ «ነጋሪት ጮኸ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ» ይላሉ። እንግዲህ በሃያ ሁለት ዓመቱ ለአንድ አውራጃ ሰዓት የሆነ ልጅ ምን ያህል እንደሚታበይ እናንተው ገምቱት።

ያኔ ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም ነበር፤ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለችው ጥግ፣ ማመልከቻ ጸሐፊው ጃንጥላውን ተክሎ በሚውልበት ግንብ ሥር፣ እግራችንን አነባብረን ሻይ የምንጠጣ ሦስት አራት ደመወዝተኞች ነበርን። ሰማያዊ ቴትሮን ሸሚዝ ነበረችኝ፣ አንገቷ እስከ ትከሻዬ የሚደርስ፤ ሱሪዬ ከታች ሰፍቶ የከተማውን አቧራ በሙሉ እየጠረገ ይሄዳል። ጸጉሬ ጎፈሬ። ዛሬ ቫይትቬት ገበያ አዳራሽ መስታወት ፊት ሳልፍ አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ አብሮኝ ይሄዳል፤ ሰላምታ እንኳን አንለዋወጥም። ያች ሸሚዝ የተገዛችው ለመዝፈን ነበር። ዘመኑ ኪነት የሚባል ነገር ከየአውራጃው የበቀለበት ነበር፤ ማን ለምን እንዳበቀለው ልተወው። እኔ የአውራጃው ኪነት ዋና ድምፃዊ ነኝ። ከክፍለ ሀገር አንድ ትልቅ ሰው ሊጎበኙን እንደሚመጡ፣ ጥሩ ድምፅ ካገኙ ይዘው እንደሚሄዱ ተወራ። ይዘው እንደሚሄዱ! ያችን ቃል ለሁለት ሳምንት አልጋዬ ላይ ሆኜ አመነዠኳት። በልምምድ ብዛት ጉሮሮዬ ሻከረ፤ የቡድኑ መሪ «ነጋሪት፣ እስከ ቀኑ ድረስ አንድም ጊዜ እንዳትጮህ፣ አደራ» አለኝ።

እንግዳው የሚመጡበት ቀን የችሎት ቀን ሆኖ አረፈው። ጠዋት ወንበር ስወለውል አንዲት ሴት በሬ እየሳበች ግቢው በር ላይ ደረሰች። ወይዘሮ አበዛሽ ይመር ትባላለች፤ ባሏ የሞተባት የቆላ ሴት ናት። የባሏ ወንድም «በሬው የወንድሜና የእኔ የጋራ ነው፣ ለእኔ ይገባል» ብሎ ከሷታል። ዳኛው በሬውን በዓይኔ ልየው ስላሉ ገደሉን ሙሉ ቀን አስወጥታ፣ ከተማ ጥግ አድራ አመጣችው። ቡሬ ይባላል፤ ቀይ ሆኖ ነጭ የተረጨበት፣ ሻኛው የተከመረ ነው። ያ በሬ ከጎረቤት በሬ ጋር ተጠምዶ ነበር የሚያርስላት። እሱ ከሄደ መሬቷን ለእኩል ሰጥታ፣ የሌላ ሰው እጅ እያየች መኖሯ ነው። ከብት ግቢ ማስገባት ክልክል ስለነበር ፖሊሱ ከግቢው ፊት ካለው ሜዳ ማዶ፣ አሮጌዋ ወይራ ሥር እንድትቆይ ነገራት። በሬዋን ጥላም መምጣት አትችልም፤ ከሜዳው ላይ በጠራራ ፀሐይ የጠፋ ከብት ብዙ ነው። ስለዚህ ወደ እኔ መጣች።

«ልጄ፣ የምትጠራን አንተ ነህ?»

«አዎ፣ እናቴ» አልኳት። ሻካራ ድምፄን ስትሰማ ፊቷ ተለወጠ።

«ውይ፣ ጉሮሮህን ምን ነካው? ቆይ።» ከአገልግሏ አንዲት ትንሽ ቅል አወጣች። የእንጀራ ማር፣ ከነሰፈፉ። ስንቋ እሱና ቆሎ ብቻ መሆኑን አይቻለሁ። «ይቺን ዋጥ ዋጥ አድርጋት፤ ትከፍትልሃለች። እኔ ከወይራው ሥር ነኝ። ስትጠራኝ እንድሰማህ ነው።»

በላሁት። ቅሉን በጣቴ ጠርጌ በላሁት። ከዚያ በኋላ ያን የመሰለ ማር ቀምሼ አላውቅም፤ እውነት ነው፣ ከበላሁት በኋላ ድምፄ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ ሆነ። ጠራ። ያን ጊዜ ነው ሰይጣን የመጣው፤ በእኔ በኩል ሲመጣ ሁልጊዜ ቁጠባ መስሎ ነው የሚመጣው። ይህን የተከፈተ ድምፅ፣ አልኩ፣ ለባለጉዳይ አላባክነውም። ለማታው ይቀመጥ።

ሌሎቹ ባለጉዳዮች ደረጃው ሥር ተኮልኩለው ስለነበር እንደ ጸሎት ብጠራቸውም ይሰሙኛል። የእሷ ተራ ሲደርስ ዘጠነኛው ደረጃ ላይ ወጣሁ። ከሜዳው ማዶ ወይራዋ ትታየኛለች፤ ከሥሯ ነጭ ነጠላ፣ ከነጠላው አጠገብ ቀይ በሬ። ፖሊሱን «አንተ ጥራልኝ» ብለው ይጠራልኝ ነበር፤ ግን ነጋሪት ደከመ እንዲባል ማን ይፈልጋል? ተላላኪ መላክ እችል ነበር፤ ግን ተላላኪው እኔ ነኝ፤ ሜዳው ደግሞ ጭቃ ነው፣ ሱሪዬ አዲስ ነው። «ወይዘሮ አበዛሽ ይመር» አልኩ። ዛሬ ሜሮን እንዳለችው አድርጌ፣ በከንፈሬ ጫፍ። ሁለተኛ። ሦስተኛ። ነጩ ነጠላ አልተንቀሳቀሰም። የሰማው ከአጠገቤ የቆመው የባሏ ወንድም ብቻ ነበር፤ ቀና ብሎ አየኝና ጢሙን ዳሰሰ። ገብቼ «ሦስት ጊዜ ተጠርታ አልቀረበችም፣ ጌታዬ» አልኩ። የከሳሹ ሁለት ምስክሮች ተሰሙ፤ ከቀትር በፊት በሬው የእሱ ሆነ።

ማታ ልበል እንጂ ዝግጅቱ ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ያው ሜዳ ላይ። የእኔ ተራ ሊደርስ ሲል ከገደሉ በኩል ዳመናው ጠቆረ፤ የእንግዳው ሾፌር ቁልቁለቱ ከዘነበበት አንወጣም ብሎ አጣደፋቸው። መኪናቸው ጭቃ እየረጨ ሲሄድ እኔ መድረክ ላይ እየወጣሁ ነበር። የዘፈንኩት እንግዳው ለተነሱበት ባዶ ሶፋ ነው። ታዲያ እንዴት ዘፈንኩ መሰላችሁ! ያ ማር የሠራውን ሥራ ሶፋው ይመስክር። ሕዝቡ ጮኸ፣ ገደሉ አስተጋባ። ያ ጢማም ሰውዬም «ውለታህ አይጠፋኝም» ብሎ ብርሌ ጠጅ ሰደደልኝ። ለምን እንደ ሰደደልኝ አውቄያለሁ። ጠጣሁት።

በማግስቱ ጠዋት ወይዘሮ አበዛሽ ፍርዱን ሰምታ፣ በሬውን ወይራዋ ላይ አስራ ዳኛው ፊት ቆመች። ማመልከቻ ጸሐፊው «ጥሪውን ስላልሰማሁ ጉዳዩ እንደገና ይታይልኝ» ብሎ ጽፎላታል። ዳኛው መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ እኔ ዞሩ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር።

«ሦስት ጊዜ ጠርተሃል?»

«ጠርቻለሁ፣ ጌታዬ።» አልዋሸሁም እኮ። ሦስት ጊዜ ነው የጠራሁት።

«የዚህ ልጅ ድምፅ ማዶ ይሰማል፣ አንቺ ሴት። ወይራዋ ሥር ሆኜ አልሰማሁም ብትይኝ ማን ያምንሻል?»

«እውነት ነው፣ ጌታዬ፣ ድምፁስ ይሰማል» አለች። «ትናንት ሲዘፍን ከዚያችው ከወይራዋ ሥር ሆኜ አንድ በአንድ ሰምቸዋለሁ። ሲጠራኝ ግን አልሰማሁትም።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛውም ፈገግ አሉ። «ዘፈኑን ሰምተሽ ጥሪውን ሳትሰሚ ቀረሽ?» አሉና ማመልከቻውን ወደ ጎን ገፉት። ሰው ሁሉ የቆላ ብልጠት መሰለው። እውነት እየተናገረች እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ፊቱ ግሎ፣ ሰማያዊ ቴትሮኑን ለብሶ፣ የወንበሩን ክንድ ይወለውላል። አንድ ቃል ነበር የሚፈለግብኝ። ቢበዛ ደመወዝ እቀጣ ነበር፤ ቢበዛ ነጋሪትነቴ ይቀር ነበር። ዝም አልኩ።

የባሏ ወንድም በሬውን ሊፈታ ሲሄድ ቀደመችው። ገመዱን ከቡሬ ቀንድ ላይ ራሷ ፈታችና ጠቅልላ ትከሻዋ ላይ ጣለችው። «የተፈረደልህ በሬው ነው፤ ገመዱ የኔ ነው» አለችው። ሰውየው በሬውን በጆሮው እየጎተተ ሄደ። እሷ ወደ ገደሉ የሚወስደውን መንገድ ስትይዝ በደረጃው ሥር ማለፍ ነበረባት። እንዳታየኝ ፊቴን ወደ ባንዲራው አዞርኩ። ቆመች።

«ማሩ ተስማማህ፣ ልጄ?» አለችኝ።

ሽሙጥ ይሁን ደግነት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ሽሙጥ በሆነልኝ ብዬ ስንቴ ለምኛለሁ። ባዶ ገመድ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ጉሙ ውስጥ ገባች።

ከዚያ በኋላ ዘመኑ ዘመን አመጣ፤ እኔም ከዚህ ወደዚያ ስንከባለል ኦስሎ ደረስኩ። ያን ሁሉ ድምፅ ተሸክሜ ሹክሹክታ አገር ገባሁ። አልናብሩ መጋዘን ውስጥ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ዕቃ ስደረድር ኖርኩ፤ መጀመሪያው ሳምንት ላይ ማዶ ያለውን ባልደረባዬን ስጠራው አለቃችን ሮጦ መጣ፣ ሰው የተጎዳ መስሎት። ከዚያ ወዲያ ዝቅ ብዬ መናገር ተማርኩ። ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና «አንተ ሰው፣ ምነው ቤት ውስጥ እንኳን ስሜን ጮኽ ብለህ አትጠራኝም?» ትለኝ ነበር። ቀልድ አድርጌ አልፈዋለሁ። ይህን ታሪክ ለእሷም አልነገርኳትም።

ዛሬ ልገባ ስል መሣሪያዎቹን አደረግኳቸው፤ ሐኪሟ በመጨረሻ አየችኝ። «መሣሪያዎቹን ሁልጊዜ ታደርጋቸዋለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ሁልጊዜ» አልኳት። ይኸው እንግዲህ፣ ሽማግሌ ተመልሶ ተላላኪ ሆነ። ወጥቼ እንደ ልማዴ አውልቄ ኪሴ ከተትኳቸውና ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። ባቡሩ መጣ፣ በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ አልገባሁም። ተመለስኩ። ሜሮን ኮቷን ልትለብስ ስትል ደረስኩባት።

«ምነው አባባ፣ የረሳኸው ነገር አለ?»

«ልጄ፣ አልሰማሁም ያልኩሽ ጊዜ...» አልኩና ሁለቱን ባቄላዎች ከኪሴ አውጥቼ መዳፌ ላይ አሳየኋት። «እዚህ ውስጥ ነበሩ። አንቺ ጠርተሻል። ጥፋቱ የእኔ ነው።» ዓረፍተ ነገሯ አጭር ናት፤ ከአፌ እስክትወጣ ግን ላብ አጠመቀኝ።

ሜሮን ሳቀች። «አውቃለሁ እኮ፣ አባባ። ኪስ ውስጥ ሲታፈኑ ያፏጫሉ። ሙሉ ሰዓት ሲያፏጩ ሁላችንም ስንሰማ ነበር።»

«ታዲያ እያወቅሽ ለምን...»

«ምን ልበልህ? አላደረግካቸውም፣ ስለዚህ አልሰማህም። በል አሁን አድርጋቸው፤ ስትወርድ መኪና እንዳይገጭህ።»

እዚያው ፊቷ አደረግኳቸው። ኪሴ ሲያፏጭ ከእኔ በስተቀር ክፍሉ ሁሉ ሰምቷል ማለት ነው። ወይዘሮ አበዛሽም ያን ቀን ደረጃው ሥር ቆማ፣ ፊቴን ሳዞርባት የሰማችው ይኖራል፤ እኔ ያልሰማሁትን።

ዕድሜዋን ሳሰላው ዛሬ በሕይወት የለችም። ለበሬው የምከፍለው ነገር የለኝም፤ እሱ ትልቁ ዕዳ ነው፣ ከእኔ አቅም በላይ ነው። የማሩ ግን ትንሽ ናት። ዋጋውን ራሷ ተምና ነበር፦ ስትጠራኝ እንድሰማህ ነው ብላ። ማሩን ቅሉ ድረስ ጠርጌ በልቻለሁ። ከወይራዋ ሥር የሚሰማ አንድ ጥሪ አለብኝ።